ቤት ገዥና የክረምት ውሃ

ቤት ለመግዛት የሚወጣ ሰው ዓይኑን ወደ ጣራው፣ ወደ ግድግዳውና ወደ ክፍሎቹ ብዛት ማንሣቱ የተለመደ ነው፤ የቀድሞ ሰዎች ግን፣ ከእነዚያም መካከል ከእንጦጦ ግርጌ በተቆረቆረችው ከተማ ብዙ ክረምት ያሳለፉት፣ አስቀድመው ወደ መሬት ያዩ ነበር። ከላይኛው ጎረቤት አጥር ሥር የሚገባው ውሃ በየት አቋርጦ በየት እንደሚወጣ ሳያውቁ ስለ ዋጋ መነጋገር ገንዘብን ሳይቆጥሩ እንደ መስጠት ይቆጠርባቸው ነበር፤ አንዳንዶቹም ሐምሌና ነሐሴ ያላለፈበትን ቤት፣ ሻጩ ምንም ያህል ቢለማመጣቸው፣ አንገዛም ይሉ ነበር።

በወንጌል የተነገረው የሁለቱ ቤቶች ምሳሌ፣ አንዱ በዓለት አንዱ በአሸዋ ላይ የተሠራው፣ ዘወትር የሚሰበከው ስለ እምነት ጽናት ነው፤ እኔ ግን ምሳሌውን በሰማሁ ቁጥር የሚታሰበኝ በመካከሉ ያልተጠቀሰው ሰው፣ ማለት ገዥው ነው። ዝናሙ ወርዶ ጎርፉ እስኪመጣ ድረስ ሁለቱም ቤቶች ቆመው ነበርና፣ በበጋ መጥቶ የጎበኛቸው ሰው የቱ የትኛው እንደ ሆነ በምን ሊለይ ይችል ነበር? ይህ ጥያቄ ለመምህራን ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ዕድሜውን ሙሉ ያጠራቀመውን ገንዘብ በቋጠሮ ይዞ በሰው ደጅ ለቆመ ሰው ግን ከዚህ የሚበልጥ ጥያቄ የለም።

በአገራችን ውሃን አስቀድመው አስበው ከሠሩት ሁሉ የላሊበላ ጠራቢዎች ይበልጣሉ። ከምድር በላይ የሚገነባ ሰው ውሃውን ወደ ታች ቢለቅቀው ይበቃዋል፤ ቤቱን ከዓለት ውስጥ ወደ ታች የሚጠርብ ግን የገዛ እጁ የቆፈረው ጉድጓድ የክረምቱ ማጠራቀሚያ እንዳይሆንበት መዶሻውን ከማንሣቱ በፊት የውሃውን መንገድ ማወቅ አለበት። ስለዚህ አብያተ ክርስቲያናቱን የከበቧቸው ጥልቅ ቦዮችና ዋሻ ለዋሻ የሚያልፉት መተላለፊያዎች የካህናትና የምእመናን መንገድ ብቻ አይደሉም፤ የተጠረበው ወለል በዝግታ እያዘነበለ የሰማዩን ውሃ ዮርዳኖስ ወደ ተባለው ፈፋ እንዲሸኝ ሆኖ ተሠርቷል። በቤተ ጊዮርጊስ ጣራ ላይ በመስቀል ውስጥ የተቀረጸውን መስቀል አይቶ የሚደነቅ መንገደኛ፣ ከጣራው ጠርዝ ብቅ ያሉትን የውሃ መውረጃ አፎች ሳያይ መመለሱ ያሳዝነኛል፤ መስቀሉ የአምልኮ ሥራ ሲሆን እነዚያ አፎች የአእምሮ ሥራ ናቸውና፣ በአንድ ዓለት ላይ ሁለቱ ተስማምተው ይገኛሉ። ይህም ሁሉ ጥንቃቄ ተደርጎ ዝናም ከዘመን ብዛት ድንጋዩን መሰነጣጠቁ አልቀረም፤ ዛሬ በአንዳንዶቹ ላይ የሚታየው ትልቅ መጠለያ የተዘረጋውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በጎንደር ዘመን የርስትና የቤት ሽያጭ በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ኅዳግ ይጻፍ ነበር። ዳኛው ማን እንደ ነበረ፣ እማኞቹና ዋሱ እነማን እንደ ነበሩ፣ ዋጋውም ስንት ወቄት ወርቅ ወይም ስንት አሞሌ እንደ ሆነ ይመዘገብ ነበርና፣ ያ ጽሕፈት ገዥውን ከሰው ክርክር የሚጠብቅ እጅግ ጠንካራ ጋሻ ነበር። ከውሃ ክርክር የሚጠብቅ ጋሻ ግን በብራና ላይ አይገኝም፤ ይህንን እያንዳንዱ ገዥ በእግሩ ዞሮ በዓይኑ አይቶ የሚያገኘው ነበር።

ነገሩ በእርግጥ የከበደው አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላ ነው። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ፍል ውሃውን ወደው ከእንጦጦ ወደ ፍንፍኔ ሜዳ ሲወርዱ፣ ከተማይቱ መጀመሪያ የተሰፈረችው እንደ ዘመቻ ሰፈር ነው፤ ንጉሥ ምኒልክ በጉብታው ላይ፣ መኳንንቱ በየፊናቸው በየኮረብታው ላይ፣ ሠራዊቱና ባለሟሉ ደግሞ በጌታው ዙሪያ ቁልቁለቱን ይዞ እስከ ወንዙ አፋፍ ሰፈረ። ሰፈርን ከሰፈር የሚለየውም አጥር ሳይሆን ፈፋ ነበር፤ ቀበና፣ ቀጨኔ፣ ባንተይቀጡ፣ ግንፍሌ እየተባሉ ከእንጦጦ የሚወርዱት ወንዞች ሁሉ የሰፈሮቹ ወሰን ሆኑ። ግንፍሌ የሚለውን ስም የሰማ አማርኛ ተናጋሪ ገነፈለ ከሚለው ግስ ጋር ሳያዛምደው አያልፍም፤ በነሐሴ ቀትር በድልድዩ ላይ ቆሞ የተመለከተውም ስሙ ለምን እንደ ወጣለት መጠየቅ አያስፈልገውም።

እንግዲህ በዚያ አሰፋፈር የከፍታ ማዕርግና የሰው ማዕርግ አንድ ሆኑ ማለት ነው። የጌታው እልፍኝ ውሃ የሚሰድ ሲሆን የአሽከሩ ጎጆ ውሃ የሚቀበል ሆነ፤ ይህም ሥርዐት ጌታውም አሽከሩም ካለፉ በኋላ በመሬቱ ላይ ታትሞ ቀረ። የእንጦጦ ራስ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል፤ በደቡብ ያለው የአቃቂ ሜዳ ግን ወደ 2,100 ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ በዓመትም ከ1,100 እስከ 1,200 ሚሊ ሜትር የሚደርሰው ዝናም አብዛኛው በክረምት ወራት ብቻ ስለሚወርድ፣ ከላይ የተለቀቀው ውሃ እስከ ታች ድረስ የሰውን ደጅ ሁሉ እየጠየቀ ያልፋል። በሰሜኑ ያለው ቀይ አፈር ውሃውን ሲያሳልፍ፣ በቦሌና በአቃቂ በኩል የሚገኘው ዋልካ ግን ይጠጣውና ያብጣል፤ በበጋ ደግሞ ደርቆ የሰው እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። በዋልካ ላይ የተሠራ ቤት በዓመት አንድ ጊዜ ይነሣል፣ አንድ ጊዜ ይቀመጣል፤ ጥቁሩን አፈር አውጥቶ ገረጋንቲ ሳይሞላ መሠረት የጣለ ሰው የግድግዳውን ስንጥቅ በየዓመቱ በኖራ መድፈን ዕጣው ነው።

በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ የከተማውን መሬት ሰው በግሉ እንዲይዝ፣ እንዲሸጥና እንዲለውጥ የሚፈቅድ ደንብ ባወጡ ጊዜ፣ ቤት ገዥ የሚባል ሰው በአዲስ አበባ በርግጥ ተወለደ ለማለት ይቻላል። ጌታው የሰጠውን ቦታ የተቀበለ አሽከር ስለ ውሃው አቤት የሚልበት አፍ አልነበረውም፤ በገንዘቡ የሚገዛ ግን መምረጥና መመርመር ይችላል። ከዚህ በኋላ ነው የምርመራው ልማድ በግንበኞችና በሽማግሌዎች ዘንድ እንደ አንድ ዕውቀት እየተላለፈ የመጣው።

ለዚህ ዕውቀት መስፋት ከሁሉ ይልቅ ምክንያት የሆነው፣ በእኔ አስተያየት፣ ቆርቆሮ ነው። የሣር ክዳን ዝናሙን ሲቀበለው ይጠጣዋል፣ ያዘገየዋል፣ በቤቱ ዙሪያም ሁሉ በጠፈጠፍ ያወርደዋል፤ የሚወርደው ውሃ በአንድ ቦታ ስለማይከማች በክፈፉ ሥር የተማሰ ትንሽ ቦይ ይበቃዋል። ቆርቆሮ ግን በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ከባሕር ማዶ መግባት ጀምሮ፣ ከ1909 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ባቡሩ አዲስ አበባ ደርሶ ሸክሙ ሲቀልለት በብዛት በየቤቱ ላይ ሲዘረጋ፣ የዝናሙ ጠባይ ተለወጠ። አንዲት ጠብታ እንኳ ሳያስቀር ሁሉንም በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ጠርዝ ይወረውራል፤ ያንን ለመያዝ አሸንዳ ተበጀ፤ አሸንዳውም የሰበሰበውን በአንድ አፍ ይተፋው ጀመር፤ አፉም ወደ ማን ደጅ ይዙር የሚለው ክርክር ከዚያ ወዲህ ሽማግሌ ከማያጣቸው የጎረቤት ጠቦች አንዱ ሆነ። በሣር ቤት ዘመን ሰው ከጎረቤቱ ጋር የተጣላው በከብትና በድንበር ነበር፤ ጣራው ሲያብረቀርቅ ጠቡም ከጣራ መውረድ ጀመረ።

በአንጻሩ ግድግዳው እንደ ጥንቱ ጭቃ ሆኖ ቀረ። የባሕር ዛፍ ቋሚ ተተክሎ፣ በማገር ተጠፍሮ፣ በጤፍ ጭድ ተቦክቶ ለቀናት በከረመ ጭቃ የሚመረግ ግድግዳ፣ እግሩ ደረቅ እስከ ሆነና ራሱ እስከ ተከደነ ድረስ ከሰው ዕድሜ ይበልጣል። እግሩ ከረጠበ ግን የቋሚው ጫፍ ከመሬት ውስጥ ሳይታይ ይበሰብሳል፣ ምስጥ ይገባበታል፣ ምርጉም ከታች ወደ ላይ እየላላ ይረግፋል፤ ከላይ ቀጥ ብሎ የሚታየው ቤት በሥሩ ቆሞ የቀረው በልማዱ ብቻ ነው። ለዚህም ነው የዱሮ ግንበኛ ግድግዳን ሲመረምር እንደ ሐኪም ከእግር የሚጀምረው።

አንድ እንዲህ ያለ ግንበኛ በልጅነቴ አይቻለሁ። አክስቴ ከቀበና ወንዝ ብዙ በማይርቅ ሰፈር ቤት ልትገዛ አስባ፣ ደላላው ካመሰገነላት በኋላ፣ ጋሼ የምንለውን አንድ ሽማግሌ ግንበኛ ለምና ይዛ ሄደች፤ እኔም ጃንጥላዋን ይዤ ተከተልሁ። ጊዜው ጥር ነበር፤ ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት፤ ሰማዩ የነጣ፣ ምድሩ ሁሉ የደረቀ፣ በየአጥሩ ሥር ያለው ሣር ቢጫ የሆነበት ወራት ነው። ባለቤቲቱ ቤቱን አስጠርጋ፣ ቡና አፍልታ ጠበቀችን። ሽማግሌው ግን ቡናው ይቆይ ብለው ወደ ግድግዳው ቀረቡና፣ በጣታቸው አንጓ ከጉልበት በታችና ከጉልበት በላይ ኳ ኳ አድርገው ድምፁን አዳመጡ። ከጉልበት በታች ያለው ኖራ ከላይኛው ይልቅ ነጣ ያለ፣ አዲስ የተቀባ ነበረ። አፍንጫቸውን ከግድግዳው አስጠግተው አሸተቱ። ከቆርቆሮው አጥር አጠገብም ቁጢጥ ብለው የዝገቱን ቁመት በስንዝር ለኩ፤ አንድ ስንዝር ተኩል ነበር። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ አንድ ቃል አልተናገሩም።

ከዚያ ወደ ጓሮ ዞርን። በጓሮው ጥግ፣ ከማድ ቤቱ ጀርባ፣ በዚያ በደረቅ ወራት ለምለም ቄጠማ ቆሟል።

«እትዬ፣ ይኼ ቄጠማ በእጅ የተተከለ ነው?» አሉ ሽማግሌው።

«ኧረ የለም ጋሼ፣ እግዜር ራሱ ነው ያበቀለልን» አለች ባለቤቲቱ ደስ ብሏት። «ለእንቁጣጣሽ በሉት ለፋሲካ፣ እዚህ ቤት ከገባን ወዲህ ቄጠማ ከገበያ ገዝተን አናውቅም።»

ሽማግሌው «እሰይ፣ በረከት ነው» ብለው ቡናውን ሦስቱንም ተቀምጠው ጠጡ፤ ቤቱን አመሰገኑ፣ መርቀውም ወጡ። መንገድ ላይ አክስቴ አላስችላት ብሎ ምን እንዳዩ ብትጠይቃቸው፣ በጥር ቄጠማ የሚያበቅል ጓሮ በነሐሴ ምን እንደሚያበቅል አንቺው ገምቺ ብለው መለሱላት። አክስቴ ያንን ቤት ሳትገዛ ቀረች፤ ደላላው ግን ለብዙ ጊዜ ተቀየማት።

የእኒህን ሽማግሌ አካሄድ ኋላ ሳስበው፣ ዋናው ጥበብ ሻጩ የሸፈነውን መግለጥ ሳይሆን ሻጩ ሊሸፍነው ያላሰበውን ማየት እንደ ነበረ ይገባኛል። ኖራ ይቀባል፣ ስንጥቅ ይደፈናል፤ በተለይም በጳጉሜን ለአዲስ ዓመት ቤቱን ሁሉ ቀብቶ ማሳመር ልማድ ስለሆነ፣ በመስከረም ቤት የሚጎበኝ ሰው የክረምቱን ጽሕፈት ከግድግዳው ላይ ተፍቆ ያገኘዋል። ዝገትና ቄጠማ ግን ባለቤቱ ልብ የማይላቸው ምስክሮች ናቸው። ሌሎችም ነበሩ፤ ከምድር አጥብቆ የተነሣ የቆጥና የአልጋ እግር፣ በበሩ መድረክ ላይ የተጨመረ ድንጋይ፣ ከጎረቤት አጥር ሥር የተከማቸ ደለል፣ የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ከማድ ቤቱ በላይ ወይስ በታች መቆፈሩ። ይህን የመጨረሻውን ብዙ ሰው ለመጠየቅ ያፍር ነበር፤ ከጉድጓድ ውሃ የሚቀዳበት ቅጥር ከሆነ ግን ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው እርሱ ነበር። አስተዋይ ገዥ ደግሞ ከሻጩ ተሰናብቶ ከወጣ በኋላ፣ ቁልቁል ያለውን ጎረቤት ሰላም ብሎ ስለ ክረምቱ ያጫውተው ነበር፤ የላይኛው ሰው ስለ ውሃ የሚያውቀው ጥቂት ነው፣ የታችኛው ግን ምንም አይረሳም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ነገር ጉድለት ዋስ መሆኑን፣ ገዥም የገዛውን በጊዜው መርምሮ ጉድለቱን ማስታወቅ እንዳለበት ደነገገ፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭም በጽሑፍ ካልሆነ እንደማይጸና አጠነከረ። በዚህ ሕግ ቃል ውስጥ የሽማግሌው ጣትና አፍንጫ በሌላ ልብስ ተመልሰው የመጡ ይመስለኛል፤ ነገር ግን ገዥው እያደር በወረቀቱ ላይ ይበልጥ ተማመነ። ከ1967ቱ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ በኋላ ደግሞ መሬት የመንግሥት ሆኖ፣ ትርፍ ቤት ሁሉ ተወርሶ፣ አንድ ቤተ ሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ሲደረግ፣ መምረጥ የሚባለው ነገር ራሱ ጠበበ። አንድ ጌታ ብቻውን ይኖርበት በነበረው ቅጥር ውስጥ ብዙ አባወራ ገባ፤ ቅጥያ በቅጥያ ላይ ተሠራ፤ የቅጥያው ግድግዳ የቆመው ብዙ ጊዜ ባዶ ሆኖ በተገኘው ቦታ ላይ ነው፤ ያ ቦታ ግን ባዶ የነበረው ያለ ምክንያት ሳይሆን የውሃ መሄጃ ስለ ነበረ ነው። ለአንድ ቤት የተቆፈረው ጉድጓድም ለብዙ ቤት ሆነ። ኪራዩ ትንሽ፣ ጠጋኙ ጥቂት ስለ ነበር፣ በብዙ የቀበሌ ቤት ክረምት ሲመጣ የሚታደሰው የላስቲክ መሸፈኛው ብቻ ነበር።

የውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን በ1963 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ በ1970ዎቹም በቃሊቲ የፍሳሽ ማጣሪያ ተሠርቶ ዋና መስመር ሲዘረጋ፣ ከተማይቱ ቆሻሻዋን ከጉድጓድ ወደ ቱቦ ማዛወር ጀመረች፤ ለብዙ ቅጥር ግን ጉድጓዱና መምጠጫ መኪናው እስከ ዛሬ አልቀሩም። ቱቦ ያለውን ቤት መመርመርም ቢሆን ከጭቃ ቤት የቀለለ አይደለም። የጋራ መኖሪያ ቤት የገዛ አንድ ወዳጄ፣ ምድር ቤቱ ላይ ሆኖ ደረጃ ከመውጣት በመዳኑ ተደስቶ ሳይጨርስ፣ ከላይ ያሉት አራት ፎቆች የለቀቁት ሁሉ ቱቦው በተደፈነ ቁጥር በእርሱ መታጠቢያ ቤት በኩል ብቅ እያለ ሰላምታ ይሰጠው ጀመር። ወዳጄ ካርታውን አይቷል፣ ዕዳና እገዳ አለመኖሩን አጣርቷል፤ ባልዲ ሙሉ ውሃ ወለሉ ላይ አፍስሶ ወደየት እንደሚሄድ ማየት፣ የቱቦውን ክዳን ማስነሣት ግን ትዝ አላለውም።

መንገዱም ዛሬ የራሱን አዲስ ነገር አምጥቷል። ጭቃ የነበረው የውስጥ መንገድ ኮብልስቶን ሲነጠፍ፣ ገረጋንቲው ተደልድሎ ድንጋዩ በላዩ ሲደረደር፣ መንገዱ ከፍ ይልና አሮጌው ቅጥር ከመንገዱ በታች ይቀራል። ትናንት ውሃውን ወደ መንገድ ይልክ የነበረ ደጅ ዛሬ የመንገዱን ውሃ ይቀበላል፤ ባለቤቱም ለመንገዱ ገንዘብ ካዋጣ በኋላ ለበሩ የሲሚንቶ መድረክ ሊሠራ ሁለተኛ ያዋጣል። እንዲህ ያለውን ቤት በበጋ የጎበኘ ገዥ መድረኩን እንደ ጌጥ ቆጥሮ ተሻግሮት ይገባል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የሥራ ባልደረባዬ ለእንቁጣጣሽ ቤቱ ጠራኝ። በነገረኝ ምልክት እየጠየቅሁ ስሄድ እግሬ የሚያውቀው ሰፈር ውስጥ ገባሁ፤ በሩ ላይ ስደርስም አክስቴ ሳትገዛው የቀረችው ቤት መሆኑን ለየሁት። አባቱ በዚያው ዓመት ከሌላ ሰው ተሻምተው ገዝተውት ኖሯል። ከመንገዱ ሁለት ደረጃ ወርጄ ወደ ግቢው፣ ከግቢውም ሦስት ደረጃ ወጥቼ ወደ ቤቱ ገባሁ፤ ባልደረባዬ «ራስህን ጠብቅ» ብሎ እጁን በጉበኑ ላይ ደገፍ አድርጎ አሳለፈኝ። ወለሉ በእርሱ ዕድሜ ብቻ ሦስት ጊዜ ከፍ ብሏል አለኝ፤ ጣራውን ግን ማንም አላነሣውምና፣ ቀና ብዬ ስቆም ኮርኒሱ ጠጕሬን ነካው። ቡናው ይፈላል፣ ወለሉ ላይ ለምለም ቄጠማ ተጎዝጉዟል። ዝቅ ብዬ አንዱን ዘለላ አነሣሁና አሸተትሁት።

«ከየት ገዛችሁት?» አልሁት።

«ገበያ ምን ወሰደን» አለ፤ «ጠዋት ልጆቹ ከጓሮ ያጨዱት ነው።»